የሻምበሉ ነብር

አምለሰት ስላይዱን ላምባ አጠጣችው፣ በጨርቅ አደረቀችውና ጠመኔ ቀባችው። ስላይድ የሚሉት ሽጉጥ ሲተኮስ ወደ ኋላ ሸርተት ብሎ የሚመለሰውን የላይኛውን ብረት ነው። የባሏ ወንድም ከፍያለው አጠገቧ ቆሞ ላቡን ይጠርጋል። ጥቂት ቆይቶ በነጩ ጠመኔ ላይ ፀጉር የምታክል ጥቁር መስመር ወጣች።

«አየኸው?»

«ጭረት ነው፣ አምሌ።»

«ጭረት ላምባ አይጠጣም።»

ከአገራቸው ርቀው ማላኪያ በሚባለው ሰፈር የከፈቱት ቶርኖ ቤታቸው የጄኔሬተርና የውሃ ፓምፕ ዕቃ ይሠራል እንጂ መሣሪያ ነክቶ አያውቅም። ባሏ ጌታቸው በሕይወት ሳለ ሽጉጥ ይዞ የመጣውን ሁሉ ከበር ይመልሰው ነበር። ከፍያለው ግን እሷ ቤተ ክርስቲያን በሄደችበት እሑድ ከአገሬው የጦር መኮንን ከሻምበል ስምኦን እጅ ሥራ ተቀበለ። ሻምበሉ ስላይዱን ብቻ ፈቶ ሰጠው፤ ጎኑ ተፈልፍሎ ነብር እንዲቀረጽበት ፈለገ። ከፍያለው ነብሩን አሳመረው። ለማሳመር ሲል ብረቱን ከሚገባው በላይ አሳሳው።

«ጥቁር ቀለም እቀባዋለሁ» አለ አሁን። «ማን ያያል?»

«የተኮሰው ሰው ያያል፤ ያውም ዐይን ከተረፈው።»

ከፍያለው ግድግዳውን ሽቅብ አየ። ፈንድቶ የተበተነው የግራይንደር ድንጋይ የቦደሰውን ቦታ አምለሰት እስከ ዛሬ አላስለሰነችውም። ጌታቸው በዚያ ቀን ቆሞበት የነበረው ሥፍራም ዕቃ አይቀመጥበትም። ሁለቱም ይህን አንስተው ተነጋግረው አያውቁም።

የመኪና በር ተዘጋ፤ ሻምበል ስምኦን ገባ። ጋምቤላና አዲስ አበባ ያደገ ሰው ስለሆነ አማርኛው ከእነሱ አይለይም።

«ኬፍ፣ እንዴት ነሽ እትዬ አምለሰት! ይህ ባለሙያሽ ነብሬን አሳደገልኝ ወይስ ገና ግልገል ነው?»

«ይቀመጡ ሻምበል። ዕቃዎ ተበላሽቷል። ጥፋቱ የኛ ነው፤ ሌላ ገዝተን እንተካለን። ይህ ግን መተኮስ የለበትም፤ ተሰንጥቋል።»

ይቆጣል ብላ ጠበቀች። አልተቆጣም። ስላይዱን ወደ ብርሃኑ አንስቶ መስመሯን በጥፍሩ ተከተላት።

«ቢተኮስስ?»

«ተሰብሮ ወደ ተኳሹ ፊት ሊመጣ ይችላል።»

«በመጀመሪያው ጥይት?»

«በመጀመሪያውም ይሆናል፣ ከወር በኋላም ይሆናል። ማንም አያውቅም።»

ሻምበሉ ወደ በሩ ዞር ብሎ አየ። ከውጭ የሞተረኞች ጡሩምባ ይሰማል። ከዚያ ፈገግ አለ።

«ለኔ መስሎሽ ነው? ለአለቃዬ ስጦታ ነው እንጂ! ነገ ድግስ አለው። ሞቅ ሲለው ወደ ሰማይ መተኮስ ይወዳል።» ጠመኔውን በአውራ ጣቱ ጠረገው። «ቀለሙን ቀብታችሁ ጨርሱት።»

«ሻምበል፣ ነገርኩዎት እኮ።»

«ምንም አልነገሩኝም» አለ። እስካሁን አንቺ ሲላት የነበረ ሰው ድንገት ሲያከብራት ጀርባዋን በረዳት። «ጥያቄ ቢመጣ የሚጠየቀው የሠራው ነው። ቡሉክ ሰፈር ደርሼ እመለሳለሁ። ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም።»

መኪናው ሲርቅ ከፍያለው የቀለሙን ቆርቆሮ አነሳ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ልቀባው ነዋ! እሱ አውቆታል፤ ከኛ ጫንቃ ወረደ።»

«አሁን እኛም አውቀናል። ለምን እንደሚፈልገውም አውቀናል።»

«አምሌ፣ ባዶ እጁን ብንመልሰው ይገድለናል።»

«ቢፈነዳም መጀመሪያ የሚመጡት እዚሁ ነው። አንተ ኮሎሎ ሰፈር ሂድ፣ ጓደኛህ ተካልኝ ዘንድ ቆይ።»

«አንቺስ?»

አምለሰት ከሚስማሩ ላይ የጌታቸውን የሥራ መነጽር አውርዳ አቧራውን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች። ስላይዱን በብረት መንከሻው በሞርሳው መንጋጋ መሃል አሰረችው። ከዚያን ቀን ወዲህ ነክታው የማታውቀውን ግራይንደር አነሳች፤ ድንጋዩን ዳር ዳሩን በጣቷ እየዳሰሰች፣ ቀስ ብላ፣ ስንጥቅ እንዳይኖረው ዙሪያውን ፈተሸችው።

ከፍያለው በሩ ድረስ ሄዶ ነበር። ተመልሶ መጣና ሞርሳውን አጠበቀላት።

«ወደ ጎን ቁም» አለችው። «ፊት ለፊት አይቆምም።»

ፍንጣሪው የቦደሰውን ግድግዳ አበራው። ነብሩ ወገቡ ላይ ተቆረጠ። ግራይንደሩ ጸጥ ሲል ሁለቱን ቁራጮች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። መነጽሩን ግን አላወለቀችም። ብረቱ ገና ሳይበርድ የሻምበሉ መኪና በሩ ላይ ቆመ።