የመሳፍንት አትሮንስ

«እንደገና ተገልጧል!» አለች የሸጋ ጎረቤት ዋጋዬ፣ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ እንደያዘች። ለንፍሮ የሚሆን ሰፌድ ፍለጋ ወደ ጓሮው ክፍል ገብታ ባዶ እጇን ነው የተመለሰችው።

ሸጋ ከፍራሹ ተነሥታ ተከተለቻት። ባሏ መሳፍንት ከተቀበረ ወዲህ ያቺን ክፍል ደፍሮ የሚገባ ሰው እምብዛም አልነበረም። መስኮቱ ተዘግቷል፤ የእንጅባራ ጉም መስታወቱን ነጭ አድርጎታል። የሥራ ጠረጴዛው ራስጌ ላይ አትሮንሱ ቆሟል። አትሮንሱ ላይ ክብና ቀስት፣ ቁጥርና ቁርጥራጭ የተሣለባቸው ወረቀቶች በልብስ መቆንጠጫ ተይዘዋል። ሸጋ ትናንት በዓይኗ ያየችው ገጽ ተገልብጦ ሌላ ገጽ ተቀበላት። አጠገቡ ያለው ራስ የሌለው የእንጨት ፈረስም ትናንት ያልነበረ እግር አብቅሏል።

«በስመ አብ!» አለች ዋጋዬ። «ሸጋዬ፣ አትደብቂኝ። መሳፍንት መጽሐፍ ይገልጥ ነበር እንዴ?»

መጽሐፍ መግለጥ ሲባል ማንበብ የሚመስለው የዋህ ካለ፣ ያ ሰው የዚህ አገር ሰው አይደለም። አትሮንስ የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ነው፤ ቅዱስ መጽሐፍ ይዘረጋበታል። ከሰው ጓሮ ከተገኘ፣ የተዘረጋበትም ክብና ቁጥር ከሆነ፣ ያው አስማት ነው። ወሬው ከእነሱ ቀድሞ ድንኳን ደረሰ።

የመሳፍንት አጎት እንየው ሸጋን ወደ ዳር ጠሯት። «ልጄ፣ ጀምሮ ያልጨረሰው መጽሐፍ ነው ጎትቶ የወሰደው። ደህና ሰው ደረቱን ይዞ እንዲያው ይወድቃል? ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ነገ ሰልስቱን አውጥተን ስንመለስ አትሮንሱም፣ ወረቀቱም፣ ፈረሱም እሳት ይግባ።»

«ጋሼ፣ የመጫወቻ ፈረስ መሥሪያ እኮ ነው።»

«ታዲያ ማን ነው የሚገልጠው?»

 የሚገልጠውን ሸጋም አታውቅም።

አትሮንሱ ሲሠራ ግን ነበረች። መሳፍንት ከቢሮ ሲመለስ እንጨት መገጣጠም ይወዳል፤ ሌላው ቢራውን ሲጠጣ እሱ ሙጫውን ያሸታል። የፈረሱን ሥዕል ከኢንተርኔት አውርዶ ዳንግላ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳተመው። ጽሑፉ የማን አገር ቋንቋ እንደሆነ እንኳ አያውቅም፤ ሥዕሉን ብቻ እያየ ነው የሚሄደው። ወረቀቱ ከሙጫ እጁ ጋር እየተጣበቀ ሲያስቸግረው ከጽድ እንጨት አትሮንስ ጠረበ።

«ምን ልትቀድስበት ነው ደግሞ?» አለችው።

«ፈረስ!» ብሎ ሳቀ።

ይህን ስታስታውስ ሸጋ ፈገግ ልትል ቃጣች፤ ወዲያው ሌላ ነገር መጣባት። እሑድ እሑድ እናቱ ስሜነሽ ከጥርባ ሲመጡ፣ እናትና ልጅ እዚያ ክፍል ዘግተው ይቀመጡ ነበር። የሚያወሩት በአዊኛ ነው፤ የዳንግላዋ ሸጋ ደግሞ ከአማርኛ ሌላ አትሰማም። በሩን ስትከፍት ሁለቱም ዝም ይላሉ። ያኔ የአማት ነገር ብላ አልፋዋለች። አሁን ግን፣ የማታውቀውን ሰው ይሆን ባሌ ብላ የቀበረችው? ከሞቱ ይልቅ ይህ ጥርጣሬ አቃጠላት።

በሰልስቱ ጠዋት ሰው ሁሉ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ሸጋን ራስ ምታት አስቀራት። ቤቱ ጭር ብሏል። ከጓሮው ክፍል ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማች። ሄዳ በሩን ገፋችው።

መሳፍንት ሁልጊዜ በሚቀመጥበት ዱካ ላይ ጥቁር የለበሰ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ጎንበስ ብሏል። ልትጮህ አፏን ስትከፍት ሰውየው ዞረ። አማቷ ስሜነሽ ናቸው።

«እማዬ! እርስዎ ነዎት?»

«ዝም በይ፣ እንዳይሰሙን! ከመንገድ ተመልሼ ነው። የልጇ ሬሳ ሳይበርድ ሥራ ያዘች ይሉኛል።» የተነጨ ፊታቸው አብጧል። ማንም ያልጠረጠራቸው ለዚሁ ነው፤ ሐዘንተኛ፣ ያውም እናት፣ እጇን ለሥራ አታነሣም። «ሥዕሉን ማየት እሱ ነው ያስተማረኝ። ፊደል ባላውቅ ዓይን አለኝ።»

«ለምን ደበቃችሁኝ ታዲያ?»

«ፈረሱ ያንቺ ስለሆነ ነዋ! በኛ አገር ሙሽራ በፈረስ ነው የምትገባ። አንቺ በሚኒባስ መጣሽ። ያ ነገር ሲቆጨው ኖረ። ሚስቴ ፈረሷን ሳታገኝ ቀረች ይለኝ ነበር።»

ሸጋ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዛ አለቀሰች። ድንኳን ውስጥ ለሰው የምታለቅሰው ልቅሶ አልነበረም። ቀና ስትል ፈረሱን አየችው። ራስ አለው፤ አንገቱን ወደ በሩ አዙሯል።

«ራሱንም ገጠሙለት?»

«የምን ራስ?» አሉ ስሜነሽ። «እኔ እግሩን ብቻ ነው። ራሱን አንቺ መስለሽኝ።»

 ሸጋ ራሱ የተገጠመበትን ቦታ በጣቷ ነካችው፤ ሙጫው ገና እርጥብ ነው። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው የለም። እጇን አልሰበሰበችም።

ከደጅ ኮቴ ተሰማ፤ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ተመልሷል። «ሸጋ!» አሉ አጎት እንየው። «እሳቱ ተያይዟል፤ አውጪው!»

ስሜነሽ ደነገጡ። የመጨረሻው እግር ከጣቶቻቸው ሊያመልጥ ሲል፣ ሸጋ እጇን በእጃቸው ላይ ደርባ እግሩን ከፈረሱ ሆድ ጋር አጥብቃ ያዘችው።

«ይቆዩ ጋሼ፣» አለች በሩን ሳታይ። «ሙጫው ገና አልያዘም።»