ባዶ የሚመለስ ምሳ ዕቃ

ሞግዚቷ በሕፃናት ማቆያው መሥራት ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል፤ አንድም ወላጅ ቅሬታ አቅርቦባት አያውቅም። ምስጢሩ ቀላል ነበር፦ በእሷ ክፍል የማንም ልጅ ምሳ ዕቃ ምግብ ይዞ ወደ ቤት አይመለስም። እናት ክዳኑን ከፍታ ባዶውን ስታይ ደስ ይላታል፣ ዳይሬክተሯም ነገር አትሰማም፣ ሞግዚቷም በሰላም ወደ ቤቷ ትገባለች። በመገናኛ ደብተሩ ላይ «ምሳውን ጨርሷል» ብሎ መጻፍ ደግሞ ምን ይከብዳል?

ያስቸገራት ድንቡሼ ነበር። ስሙን ያወጣችለት እናቱ ናት፤ ገና ሦስት ዓመቱ ነው። ሞግዚቷ በዕድሜዋ እንደሱ ተዝናንቶ የሚበላ ፍጡር አላየችም። አንዷን የካሮት ቁራጭ ያገላብጣታል፣ ያሸታታል፣ ከጎረቤቱ ካሮት ጋር ያስተያያታል፤ ወደ አፉ የምትገባው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ጊዜ ቢሰጠው ይጨርስ ነበር፤ ይህን አሳምራ ታውቃለች። ግን አሥራ ስድስት ልጅ አፉ ተጠርጎ፣ እጁ ታጥቦ፣ ሰባት ሰዓት ላይ መተኛት አለበት። ስለዚህ አምስት ስድስት ማንኪያ ሲቀምስ ምሳ ዕቃውን ታነሳበታለች። የተረፈውን ሩዝና እንቁላል መጣል ነውር ነው ብላ፣ ዕቃ ማጠቢያው ጋ ቆማ ራሷ ትበላዋለች። እውነት ለመናገር የእናቲቱ እጅ ይጣፍጣል።

አንድ ጠዋት እናቲቱ ልጇን እንደያዘች ከሁሉም ቀድማ መጣች። ዓይኗ አብጧል።

«እትዬ፣ ነገ አይመጣም። ሆስፒታል ልወስደው ነው።»

«ምነው ልጄ፣ ምን አገኘው?»

«በሁለት ወር ውስጥ ኪሎ ተኩል ቀነሰ! ሐኪሙ ‹ይበላል ወይ?› ሲለኝ የእርስዎን ደብተር አሳየሁት። እንዲህ እየበላ የሚከሳ ከሆነ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው አለኝ። ደም ይቀዱለታል፤ ከዚያ አስተኝተው ሆዱን በቱቦ ያዩታል።»

ሞግዚቷ ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ዝም ማለት ትችል ነበር፤ ዝም ብትል ማን ያውቅባታል? ግን ድንቡሼ የእናቱን ቀሚስ ይዞ ቆሟል፤ የእጁ አንጓ ከሲታ ነው። እስከዛሬ እንዴት ሳታየው ቀረች?

«ደብተሩ ውሸት ነው» አለች።

«ምን ማለትዎ ነው?»

«አይጨርስም። ቀስ ብሎ ነው የሚበላው፤ እኔ እየቸኮልኩ እቀማዋለሁ።»

«ምሳ ዕቃው ግን ባዶውን ነው የሚመጣው!»

«የቀረውን እኔ ነኝ የምበላው።» ድምፅዋ ለራሷም አልተሰማትም። ፊቷ በእፍረት ነደደ። በዚህ ዕድሜዋ የሕፃን ምግብ በላች!

ጩኸቱን ጠበቀች። እናቲቱ ግን ከልጆቹ ትንንሽ ወንበሮች በአንዱ ላይ ዘጭ አለች።

«ማታ ማታ ዳቦ ስጪኝ ይለኝ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «እኔ ደግሞ ‹ምሳህን ሙልጭ አድርገህ በልተህ፣ እራትህንም በልተህ፣ የምን ዳቦ ነው? ስስታም አትሁን!› እለዋለሁ። እየለመነኝ እኮ... ክፉ አመል እንዳይዝ ብዬ...»

እንባዋ ቀደማት።

ድንቡሼ እናቱን ጉልበቷን ነካ አደረጋት።

«እማዬ፣ አታልቅሺ» አለ። «አሁን እኮ ትቻለሁ። ቢርበኝም አልጠይቅሽም።»

ከሁለቱ ሴቶች አንዳቸውም ቀና ብለው ሊያዩት አልቻሉም።