የግራው ጡሩንባ

ድምፅ ማጉያው ካፖርት ለብሶ ነበር። ከመስኮቱ ሥር፣ የልብስ ስፌት መኪናው ይቆምበት ከነበረው ቦታ አጠገብ፣ ደረት የሚደርስ ሳጥን በግራጫ የሱፍ ጨርቅ ተሸፍኖ ቆሟል። ሽፋኑ ገበር አለው፤ ጠርዙ በእጅ ተዘምዝሟል፤ ከኋላው ሦስት ቁልፎች ተደርድረውለታል። ሬዲዮ ሠሪው እጁን ዘርግቶ የመጀመሪያውን ቁልፍ ፈታ። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለደንበኞቹ ሁሉ «ወንድሜ ቤት ያለው ጡሩንባማ ልብስ መስቀያ ሆኖ ቀርቷል» እያለ ሲያሾፍ ነው የኖረው።

«እሱ ነው የሰፋለት» አለች የወንድሙ ሚስት በሩ ላይ ቆማ። «ከአንድ ደንበኛ ካፖርት የተረፈ ጨርቅ ነው። አቧራ እንዳይገባበት ብሎ።»

ክፍሉ ባዶ ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል። የስፌት መኪናው ተሽጧል፤ ወለሉ ላይ አራት የእግር ምልክት ብቻ ትቷል። ግድግዳው ላይ ደንበኞች ራሳቸውን ያዩበት የነበረው ረጅም መስታወት ወርዶ፣ በአልጋ ልብስ ተጠቅልሎ ተጋድሟል። ወንድሙ ከሞተ ሦስት ወር ሆነው። በቀብሩ ዕለት ሬዲዮ ሠሪው ከሰዎች ኋላ ቆሞ ነበር፤ አፈሩ ሲመለስ አይቶ፣ ለማንም ሳይናገር፣ በመጣበት መንገድ ተመለሰ። ትናንት ጠዋት ሴትየዋ ስልክ ደወለችለት። ቤቱን ለቅቃ እህቷ ጋ ልትገባ እንደሆነ ነገረችውና «መጥተው ይውሰዱት» አለችው። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። ሲነጋ ሸሚዝ ቀየረ፣ ገንዘብ በፖስታ አድርጎ ኪሱ ከተተ፣ ብሎን መፍቻውን ከፖስታው ጎን ሰካ።

ሽፋኑ ሲገለጥ የድምፅ ማጉያው ሰፊ አፍ፣ ጡሩንባው፣ ብቅ አለ። ጥቁር ቀለሙ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ተልጧል፣ አፉ ግን አቧራ የለበትም። ሬዲዮ ሠሪው ጭንቅላቱን ወደ ውስጥ አዘንብሎ አሸተተው። የአባቱ ቤት ሸተተው።

አባታቸው ሁለቱን ድምፅ ማጉያዎች የገዛው አንድ አሮጌ ሲኒማ ቤት ተዘግቶ ዕቃው በሐራጅ ሲሸጥ ነው። በእጅ ጋሪ ጭነው ያመጧቸው ልጆቹ ናቸው፤ ታላቁ ከፊት እየጎተተ፣ ታናሹ ከኋላ እየገፋ፣ ጎማው ጉድጓድ በገባ ቁጥር «ቀስ! ቀስ በል!» እያለ። ቤት ሲደርሱ አባታቸው አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ ጥግ አቆመና ከፊታቸው መሀል ላይ አንድ ወንበር አኖረ። ሸክላው ሲዞር ዘፋኙ ከሁለቱም አልወጣም። በሁለቱ መካከል፣ ባዶው ግድግዳ ጋ፣ ሰው አክሎ ቆመ። ታናሹ ተነሥቶ በእጁ ሊነካው ሄደ፤ እንባቸው እስኪመጣ ድረስ ሳቁበት። «ሁለቱ እኩል ሲተነፍሱ ነው ሰውዬው የሚመጣው» አለ አባታቸው።

አባትየው ሲሞት ሁለቱም ልጆች ድምፅ ማጉያዎቹን ፈለጉ። ታላቁ፣ ሬዲዮ ሠሪው፣ «ሥራዬ ነው፣ እኔ አውቃቸዋለሁ» አለ። ታናሹ «እስከ መጨረሻው ያስታመምኩት እኔ ነኝ፣ ከእኔ ጋር ነው ሲሰማቸው የኖረ» አለ። ከዚያ ወዲያ የተባባሉትን አንዳቸውም ለሚስቶቻቸው እንኳን አልደገሙም። ጭቅጭቁ የሰለቸው አጎታቸው በመጨረሻ ዳቦ እንደሚቆርስ ሰው «በቃ፣ አንድ አንድ ውሰዱ» አለ። የቀልዱን ነበር። እልህ ግን ምላጭ ያስውጣል፤ ሁለቱም እሺ አሉ። ቀኙ ለታላቁ፣ ግራው ለታናሹ ደረሰ።

አባታቸው ከሁሉ አብልጦ ከሚወደው ሸክላ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ቅጂ ነበራቸው። በዚያ ሸክላ ላይ የዘፋኙ ድምፅ በሁለቱም ጡሩንባ ይመጣል፤ ክላርኔቱ በቀኙ ብቻ፣ ለዘፋኙ የሚመልሱለት ተቀባዮች በግራው ብቻ ናቸው። እናም ሬዲዮ ሠሪው ዐሥራ አንድ ዓመት የሰማው ዘፋኙ ሲጠራ፣ ከዚያም ጸጥታ፣ እንደገና ሲጠራ፣ እንደገና ጸጥታ ነበር። ክፍተቱን በጡጫው ጠረጴዛውን ሦስት ጊዜ እየመታ መሙላት ለመደ። ሁለቱን መስመር አቀላቅሎ በአንዱ ጡሩንባ ማሰማት ለእሱ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ለስንት ደንበኛ ሠርቶታል። ለራሱ ግን አልሠራውም፤ ለምን እንደሆነ የሚጠይቀው ሰው ስላልነበረ መልሱን አስቦበት አያውቅም።

«ክላርኔቱን በፉጨት ነበር የሚሞላው» አለች ሴትየዋ፣ ሐሳቡን ያነበበች ይመስል። «እየሰፋ ያፏጫል። እኔማ መጀመሪያ ዘፈኑ ራሱ ፉጨት ያለበት መስሎኝ ነበር።»

ሬዲዮ ሠሪው ፈገግ ለማለት ሞከረና አልሆነለትም። ፖስታውን አውጥቶ ዘረጋላት። አየችው፣ እጇን ግን አላነሣችም።

«አይ ጋሼ። ይኼን እንኳን አያድርጉብኝ።»

ፖስታውን ወደ ኪሱ መለሰ።

«ሊገዙት ደላላ ልከው ነበር አይደል?» ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቢኖር ይቀልለው ነበር።

«ልኬያለሁ።»

«ሦስት ጊዜ። እሱ ገና ሰውዬው ከበር ሲገባ ነው ያወቀው። ‹የላከህ ሰው ራሱ ይምጣ፣ ያለ ገንዘብ ይወስዳል› ብሎ ነው የመለሰው። አልነገረዎትም?»

ውሸቱ ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ። ደላላ መቼም የሚታማ ነው፤ አንድ ሐሜት ቢጨመርበት አይጎዳውም። ደላላው ግን በሦስቱም ጊዜ መልእክቱን ቃል በቃል አድርሶለት ነበር። ሬዲዮ ሠሪው ያኔ ሱቁ ውስጥ ሽቦ መበየጃ ካውያውን እንደያዘ «እግሬ ሥር ይውደቅ ማለቱ ነው» ብሎ ሳቀና ሥራውን ቀጠለ።

«ነግሮኛል» አለ።

ሴትየዋ ራሷን ነቀነቀች። ካፖርቱን ከወለሉ አንሥታ፣ አቧራ የሌለውን ጨርቅ አራግፋ፣ በሥርዓት አጠፈችው።

«አምና ድምፁ መንኮሻኮሽ ጀምሮ ነበር። ሠፈራችን ውስጥ እንዲህ ያለ ዕቃ የሚሠራ ሰው ስላለ ላስጠራልህ አልኩት። እምቢ አለ። ‹ይኼ ከተነካ ከዚያኛው ጋር አይገጥምም› አለኝ። ‹ወንድሜ የመጣ ቀን እንደነበረ ሊያገኘው ይገባል።› ታሞ ተኝቶም ይጠይቀኝ የነበረው ይህንኑ ነው። ‹ቁልፎቹን ዘግተሻል?› ይለኛል። የበሩን መቆለፊያ አይደለም። እነዚህን የካፖርቱን ነው።»

ያጠፈችውን ሽፋን ሰጠችው። ሬዲዮ ሠሪው በሁለት እጁ ተቀበለና መስኮቱን እያየ ቆመ። ወንድሙን ይወደው ነበር። ይህን ለመናገር ዐሥራ አንድ ዓመት ጊዜ ነበረው፤ አሁን የሚነገረው ሰው የለም።

የጭነት መኪናው ሾፌር ጨዋታ ወዳድ ነው። ሳጥኑን በአንድ በኩል አንሥቶ ወደ ውጭ እያወጡት «ይኼ ዕቃ ለብቻው ነው እንዴ? ጥንድ የለውም?» አለ።

«ጥንዱ እኔ ቤት ነው።»

«ታዲያ ምን ለያያቸው? ተጣልተው ነው?» አለና በራሱ ቀልድ ሳቀ።

«አዎ» አለ ሬዲዮ ሠሪው። «ተጣልተው ነው።»

ሾፌሩ ፊቱን ሲያየው ሳቁን ዋጠ። ጋቢናውን ከፈተለት፤ ሬዲዮ ሠሪው ግን ከኋላ ወጥቶ ሳጥኑን አቅፎ ተቀመጠ። መንገዱ ጎርበጥባጣ ነበር። ጎማው የመጀመሪያው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ሳይታወቀው «ቀስ! ቀስ በል!» ብሎ ጮኸ።

ቤቱ ከሱቁ ጀርባ ያለ አንድ ሰፊ ክፍል ነው። የቀኙ ድምፅ ማጉያ በቀኝ ጥግ ቆሟል፣ ግራው ጥግ ባዶ ነው። እዚያ ጥግ ዕቃ አስቀምጦ አያውቅም። ሚስቱ በሕይወት ሳለች ቁም ሣጥን ልታቆምበት ፈልጋ ስንት ቀን ተነታርከውበታል። የወንድሙን ሳጥን እዚያ አቆመው፣ ገመዱን አገናኘ፣ ወንበሩን መሀል ላይ አደረገ። ሸክላውን አስቀምጦ መርፌውን አሳረፈ።

ዘፋኙ መሀል ላይ አልቆመም። ድምፁ ጥርት ብሎ ቀኝ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ቀረ። ግራው ከሩቅ፣ ከታፈነ ክፍል እንደሚመጣ ያለ ሻካራ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ሬዲዮ ሠሪው ምክንያቱን ለማወቅ ማሰብ አላስፈለገውም። መርፌውን አነሣ።

በእነዚያ ዓመታት ቀኙን ሳይነካው የዋለ ወቅት የለም። መጀመሪያ ሽቦዎቹን ቀየረ፤ ቀጥሎ ካፓሲተሮቹን፤ ቀጥሎ በጡሩንባው ጉሮሮ ውስጥ ድምፁን የሚወልደውን ስስ የብረት ሽፋን፤ ባለፈው ዓመት ደግሞ ማግኔቱን። በዚህ ከተማ እንደሱ ጡሩንባ የሚዘፍን የለም ይባልለታል፣ እውነትም ነው። አሮጌዎቹን ክፍሎች ግን አላስቀመጣቸውም። ስሱን ብረት ለአንድ ደንበኛ ሰጠው፣ ሌላው ከቁርጥራጭ ብረት ጋር ሄደ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ ቀኙ ወደ ድሮው አይመለስም።

ግራው ግን ወደ ቀኙ ሊደርስ ይችላል። ሬዲዮ ሠሪው ተንበረከከና የጠረጴዛውን የታችኛውን መሳቢያ ሳበ። በጋዜጣ የተጠቀለሉ ጥቅሎች ሞልተውታል። አዲስ ክፍል በገዛ ቁጥር ሁለት ነበር የሚገዛው። ሻጩ ለምን ሁለት እንደሆነ ሲጠይቀው «አንዱ ቢበላሽ» ይል ነበር። አንዱ ተበላሽቶ አያውቅም። ካፓሲተር፣ ሽቦ፣ ስስ ሽፋን፣ ማግኔት፣ ሁሉም ሁለተኛው እዚህ ነው፤ አንድም ሳይጎድል ዓመታቱን ሙሉ ተቀምጧል። ሚስቱ አንድ ቀን መሳቢያውን ከፍታ «ይኼ ሁሉ ለማን ነው?» ስትለው ተቆጥቶ ነበር የዘጋው።

ካውያውን ሰካ። ብሎን መፍቻውን ከኪሱ አውጥቶ የግራውን ሳጥን ጀርባ ፈታ። ብሎኖቹ አባታቸው ካጠበቃቸው ወዲህ ተነክተው ስለማያውቁ አንዳንዶቹ እያቃሰቱ ነው የተፈቱት። ውስጡ ከሲኒማ ቤቱ እንደመጣ ነው፤ በሰም የታሸጉት አሮጌ ካፓሲተሮች፣ ጨርቅ የለበሱት ሽቦዎች። እንጨቱ ላይ አባታቸው በእርሳስ «ግራ» ብሎ የጻፈው ሳይደበዝዝ አለ። የሰም ሽታው አፍንጫውን ሞላው። የአንድ ሰዓት ሥራ ናት፣ ቢበዛ የሁለት። ከዚያ ሁለቱ እኩል ይተነፍሳሉ።

ካውያው ሞቆ ማጨስ ጀመረ። ሬዲዮ ሠሪው መቁረጫውን አንሥቶ ከመጀመሪያው ሽቦ ላይ አኖረው። ወንድሙ ካፖርት ሰፍቶ፣ ቁልፍ ዘግቶ፣ ኋላም መንኮሻኮሹን ችሎ ዐሥራ አንድ ዓመት የጠበቀው ይህችን ሽቦ ነው። እሱም በበኩሉ ሲጠብቅ ኖሯል፣ መሳቢያው ምስክር ነው፤ ግን እየቀየረ ነበር የሚጠብቀው። ሁለቱም አንድ ቀን አብረው ሊሰሙ ነበር። በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለው መንገድ በእግር ግማሽ ሰዓት አይሞላም።

መቁረጫውን አስቀመጠ። ካውያውን ነቀለ። የጀርባውን እንጨት መልሶ ገጠመና ብሎኖቹን አንድ በአንድ፣ አባቱ ባጠበቃቸው ልክ አጠበቃቸው። ከዚያ እዚያው ወለሉ ላይ፣ ግንባሩን ሳጥኑ ላይ አስደግፎ አለቀሰ። በቀብሩ ዕለት ያላለቀሰውን ነው ያለቀሰው፤ ድምፁን አውጥቶ፣ ሱቁን ያልዘጋ መሆኑን ረስቶ። አንዲት ደንበኛ ከውጭ «ሰው አለ?» ብላ ሁለት ጊዜ ተጣራችና ሄደች።

ሲነሣ ፀሐዩ ወለሉን አቋርጦ ግድግዳው ላይ ደርሷል። መርፌውን እንደገና አሳረፈና ተቀመጠ። ዘፋኙ እንደቅድሙ ቀኝ ግድግዳው ላይ ነው። ሬዲዮ ሠሪው ወንበሩን በትንሹ ወደ ግራ ሳበ። ዘፋኙ ከግድግዳው ለቀቅ አለ። አሁንም ሳበ። ካፖርቱን ጭኑ ላይ እንዳደረገ፣ ወለሉን እየፋቀ፣ ስንዝር በስንዝር ወደ ወንድሙ ጡሩንባ ተጠጋ፤ ጉልበቱ ሳጥኑን ሊነካ ምንም ሲቀረው ሰውዬው መጣ። ሁለቱ ጡሩንባዎች መሀል፣ ባዶው ግድግዳ ጋ፣ ልክ እንደዚያን ቀን፣ ሰው አክሎ ቆመ።

ክላርኔቱ ከሩቅ ከቀኝ ገባ። ዘፋኙ ጠራ፣ አበቃ። በዐሥራ አንድ ዓመት ልማድ የሬዲዮ ሠሪው ጡጫ ክፍተቱን ሊሞላ ከጭኑ ላይ ተነሣ። ከግራ በኩል፣ ከጆሮው ሥር፣ በትንሹ እየተንኮሻኮሹ ተቀባዮቹ መለሱ።

እጁ አየር ላይ ቀረ።