ኪያን ዘጠና አድርስልኝ

ታናሽ ወንድሜ ሻፊ ከካርቱም ሲደውል፣ የእናታችንን ጤና እንኳ ሳይጠይቅ የኳስ ጌም ውስጥ ያለ ተጫዋች ብቻ አደራ ያለኝ ለምንድን ነው?

«ጌሙ ላይ ኪያን ዘጠና አድርስልኝ» አለ። «ባሕሩን ስሻገር ደውዬ እጠይቅሃለሁ።»

አንካራ ተምሬ ሮቤ ስመለስ እሱ ሄዶ ነበር። የጠበቀኝ ገበያው ጫፍ ያለው ፕሌይስቴሽን ቤቱ ነው። ሥራ እስካገኝ ብዬ ገባሁበት፤ ሥራ መፈለጉን ከተውኩ ግን ቆይቻለሁ።

ኪያ በኦሮምኛ «የእኔ» ማለት ነው። ስለዚህ በራሱ ስም የሠራውን ተጫዋች ፈለግሁ። «ሻፊ» የሚል ስም ሳይ እዚያው ቆምኩ። ብቃቱ ከስልሳ ብዙም አይዘልም።

ጠዋት ጠዋት፣ ደንበኛ ሳይመጣ፣ ጆይስቲኩን እይዛለሁ። ኳስ እየገፉ በኮኖች መካከል ማለፍ። ደግሞ ማለፍ። አንድ ነጥብ ለመጨመር ያንኑ ልምምድ አውራ ጣቴ እስኪደነዝዝ እደጋግማለሁ። ፍጥነቱ ሲያድግ ምቱ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ምቱ ሲስተካከል ጉልበቱ። ከሲናና እርሻዎች ስንዴ የጫኑ መኪኖች ሲያልፉ ቴሌቪዥኑ ይንቀጠቀጣል። ሴቭ ሳላደርግ መብራት ከጠፋ የጠዋቱ ልፋት አብሮ ይጠፋል። አንዴ ጆይስቲኩን ከግድግዳው ጋር ላላትመው እጄን አንስቼ፣ የሻፊ መሆኑ ትዝ ቢለኝ ቀስ ብዬ አስቀመጥኩት።

ሻፊ ከዚያ ወዲህ አልደወለም። ስልክ በጠራ ቁጥር እናታችን ከጓዳ ትወጣለች። እኔም ዘጠና ሲሞላ የሚደውል ይመስለኝ ጀመር። ለዚህ ነው ማቆም ያቃተኝ።

ዘጠና ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው፣ ማዘጋጃ ቤት የሚሠራው የሻፊ ጓደኛ እሸቴ ገባ።

«አካም፣ ቱርኩ! ይሄን ሬሳ ደግሞ ምን ልታደርገው ነው የምትቀልበው?»

«የሻፊ ነው። ኪያን አሳድግልኝ ብሎኛል።»

ሳቁን አቋረጠ። «ሙህዲን፣ ይሄንን እኮ የሠራው ኳስ ሲጫወት፣ እግሩ ሳይሰበር ነው። ከዚያ በኋላ ዞር ብሎም አላየው። ኪያ ሌላ ነው። ወደ ታች ውረድ።»

ወረድኩ። ከሁሉም ግርጌ በቁቤ የተጻፈ «ኪያ» አለ። ቀጭን፣ አንገተ ረጅም፣ እንደ እኔ ግራ እግረኛ። ብቃቱ ሰማንያ ዘጠኝ።

«‹ሙህዲን ኪያ› አይደል የሚልህ?» አለ እሸቴ። «አንካራ ከሄድክ ጀምሮ ሲያሳድግህ ነው የኖረው። እኛ ተራ ስንጠብቅ ‹ቆዩ፣ ወንድሜን ላሠልጥነው› እያለ ስንቴ አጣልቶናል።»

የእኔ ያለው እኔን ነበር።

የቀረችው አንዲት ነጥብ ከሁሉም ከበደች። ያው ኮን፣ ያው ኳስ፤ አሁን ግን በየኮኑ መካከል የእሱ ጣቶች ያለፉበትን መንገድ የምከተል እየመሰለኝ ዓይኔ ይደበዝዛል። አንድ ጠዋት ቁጥሩ ተቀየረ። መጀመሪያ ሴቭ አደረግሁ፤ ከዚያ ስክሪኑን ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። ከሥሩ እንዲህ ጻፍኩ፦

«ሻፊ ኪያ፣ ዘጠና ደረስኩ። አንተስ የት ደረስክ?»

መልስ አልመጣም። ስልክ ሲጠራ እናታችን አሁንም ከጓዳ ትወጣለች።