ለአክስት የተጠቀለለች ቅጠል

ኡንጁ ቂም የያዘችው በጎመን ማሸት ቀን ነው። በኮሪያዋ ሞክፖ ከተማ ብርዱ ሊገባ ሲል ዘመድ አዝማድ አንድ ግቢ ተሰብስቦ የዓመቱን ኪምቺ፣ በበርበሬ የሚታሸውን ጎመን፣ ያዘጋጃል። የዚያን ቀን ትንሿ ልጇ ሶልቢ ሥጋ አማራትና ወደ አባቷ እህት ወደ ማልሱን እጇን ዘረጋች።

"አፍ የለሽም? በደንብ ጠይቂኝና ልስጥሽ" አለች ማልሱን፣ ቁራጩን ከፍ አድርጋ።

"ሥጋ... አክስት... እኔ" ብላ ልጅቷ ቀረች።

"ጎመኑ እንኳ ከሷ ይሻላል። እሱስ ሲጨምቁት ድምፅ ያወጣል" አለች ማልሱን።

ሴቶቹ ሳቁ። ኡንጁ አንገቷን ደፋች። ቆይ፣ አለች በሆዷ፤ ለከርሞ፣ በዚሁ ግቢ፣ በእነዚሁ ሴቶች ፊት።

ልጆቼ፣ የእናት ቂም ክዳን አይገጥመውም። በማግስቱ ሶልቢን ወደ ንግግር ሐኪም ወሰደቻት። ሀን የምትባለው ሐኪም ልጅ እግር ናት። "ጆሮዋ ደህና ነው፣ አእምሮዋም ደህና ነው" አለቻት። "ቋንቋ ብቻ ነው እንደ ሌሎቹ ልጆች ቶሎ የማይያዝላት።"

"እንግዲያው አንድ ስድብ አስተምሪልኝ። አንድ ብቻ፣ አጥንት የሚሰብር።"

ሀን ሳቋን ዋጠች። "የሶልቢ እናት፣ 'በይ ድገሚ' አይበሏት። አይፈትኗት፣ አያርሟት። ሥራ ላይ ሆነው አንዱን አነጋገር ስሙን ብቻ እየቀያየሩ ይመላልሱት፤ እሷ እየተጫወተች ትስማ። ሳይታወቃት ይገባታል።"

ኡንጁ ኪምቺ ሻጭ ናት። ከዚያ ወዲህ ሱቋ ውስጥ ጎመኑን በበርበሬ እያሸች፣ "ይቺ ለዓሣ ሻጩ ትሁን፣ ይቺ ለጎረቤት ትሁን፣ ይቺ ለአባባ ትሁን" ትላለች። ሶልቢ በሳህን ትጫወታለች። ዝም። ወራቱ ሁሉ ዝም። ኡንጁ ስትበሽቅ ታዲያ በጥርሷ መሃል፣ "ይቺ ደግሞ የማልሱን ጉሮሮ ላይ ትሰንቀር" ትልና ጎመኑን እንደ ሰው አንገት ትጠመዝዘዋለች። ለራሷ ነው የምትለው።

አንድ ቀን ሶልቢ ከሳህኗ ቀና ሳትል፣ "ይቺ ለድመት ትሁን" አለች። ድመትን ማንም አላነሳም ነበር። ኡንጁ ዓይኗን በክንዷ ብታብሰው በርበሬው አቃጠላት።

ያቺን የከርሞ የጎመን ማሸት ቀን እንደ ሠርግ ጠበቀቻት። ልጅቷ ሥጋውን አስተካክላ ትጠይቃለች፣ ማልሱን ታፍራለች፤ ያሰበችው ይኸንኑ ነበር።

ቀኗ ደረሰች። ሥራው ሲያልቅ የተቀቀለ የአሳማ ሥጋ አዲስ በተለወሰ የጎመን ቅጠል ጠቅልሎ መጎራረስ ልማድ ነው። ማልሱን ቁራጭ አነሳችና፣ "ዘንድሮስ አፍ አወጣሽ?" አለች።

ሶልቢ አልጠየቀችም። ራሷ ጠቀለለች።

"ይቺ ለአያቴ ትሁን" ብላ አያቷን አጎረሰች። የሴቶቹ እጅ ቅጠሉ ላይ ቀረ። "ይቺ ለእማዬ ትሁን።" ቀጥላ አንዷን ትልቅ አድርጋ ጠቀለለችና ወደ ማልሱን ሄደች። ማልሱን አፏን ከፍታ ጎረሰች።

ልጅቷ ፈገግ ብላ፣ ጥርት አድርጋ፣ በእናቷ ድምፅ፣ "ይቺ ደግሞ የማልሱን ጉሮሮ ላይ ትሰንቀር" አለች።

አክስቴ እንኳ አላለችም። ማልሱን ጉንጯ እንደተነፋ ቀረ፤ መዋጡም መትፋቱም አቃታት።

"ዋጪ እንጂ" አለቻት አሮጊቷ እናቷ፣ የሶልቢ አያት። "ልጅቷ ሠርታ ሰጠችሽ።"

ማልሱን ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ ዋጠች። "አንቺ ነሽ ያስተማርሻት?" አለች ወደ ኡንጁ ዞራ።

ኡንጁ ፊቷ ጋለ። ይቅርታው ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር፤ የአምናው ሳቅ መለሰው።

"አላስተማርኳትም፣ እትዬ። የሰማችውን ነው። አምና አንቺ ያልሽውንም ሰምታለች።"

ማልሱን ዓይኗን ወደ በርበሬው ገበታ ጣለች። ያን ጊዜ የሳቁት ሴቶች አንዳቸውም ቀና አላሉም።

ሶልቢ ሌላ ቅጠል መርጣ ሥጋ አደረገችበት።

"ይቺ ለእኔ ትሁን" አለች።