የዝላትካ ሻንጣ

በየዓመቱ ነሐሴ ላይ፣ የእመቤታችን የፍልሰታ በዓል ባለፈ ማግስት፣ እኛ አራት ጓደኛሞች ወደ ፒሪን ተራራ እንወጣለን። ልማዱን የጀመርነው ፔርኒክ ከተማ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ሳለን ነው። ያኔ ድንኳን አልነበረንም፤ የጭነት መኪና ሸራ ለምነን ነበር የወጣነው። ከዚያ ወዲህ አገባን፣ ወለድን፣ ከመካከላችን ኦግኒያን አግብቶ ፈታ፣ እሠራበት የነበረው የከሰል ማዕድን ሲዘጋ እኔ የአውቶቡስ ሹፌር ሆንኩ። ነሐሴ ሲመጣ ግን ሁሉም የያዘውን ጥሎ ይመጣል። ሻንጣችንን አዝለን፣ ከአንዱ ሐይቅ ወደ ሌላው እየተሻገርን፣ የላይኛው ሐይቅ የምንለው ጋ ስንደርስ ድንኳን ተክለን እናድራለን። ለሌላ ሰው ምንም ላይመስለው ይችላል። ለእኛ ግን ዓመቱ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ከአራታችን ፊት ፊት የምትሄደው ሁልጊዜ ዝላትካ ነበረች። በወጣትነቷ ለከተማው ክለብ የእጅ ኳስ ትጫወት ነበር፤ በኋላም ፋርማሲ ገብታ ቀኑን ሙሉ ቆማ እየዋለች እግሯ ደከመኝን አያውቅም። እኛ ትንፋሻችን ተቆርጦ፣ ላባችን ዓይናችን ውስጥ እየገባ ሐይቁ ጋ ስንደርስ እሷ ጫማዋን አውልቃ፣ ቋጥኝ ላይ ተንጋላ፣ ፖም እየገመጠች ትጠብቀናለች። «መጣችሁ? እኔ እኮ ለፍታታችሁ ቄስ ልጠራ ነበር» ትለናለች። የድንኳኑን የብረት ዘንጎች የምትሸከመውም እሷ ነበረች፤ ከባድ ስለሆኑና ሌላ ሰው ስለማይፈልጋቸው።

ባለፈው ጥር ግን ዳሌዋ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። አጥንቱ ተበልቶ ስለነበር ሐኪሞቹ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ አስገቡላት። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፣ ልጇ የሚኖረው ጀርመን ነው፤ ስለዚህ እኛ ሦስታችን ተራ ገብተን አስታመምናት። ፖስታ ቤት የምትሠራውና ሁላችንንም እንደ ልጆቿ የምታዘን ስኔዣና ታጥባትና ታለብሳት ነበር። ኦግኒያን የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ስለሆነ ሾርባውን በድስት ይዞ ይመጣል። እኔ ደግሞ ደረጃ መውጣትና መውረድ አለማምዳታለሁ። ዝላትካ ሁሉንም በትዕግሥት ተቀበለች፣ አመሰገነችንም። ግን በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ቀን እንኳ ስትቀልድ አልሰማናትም።

በጋው ገባ ሲል ሐኪሟ መራመድ እንደምትችል፣ ግን ሁለት ምርኩዝ መያዝ እንዳለባት ነገራት። የዚያኑ ቀን ደውላ ነሐሴ ላይ እመጣለሁ አለችን። አልጠየቀችንም፤ ነገረችን።

እስከ ተራራው ግርጌ በመኪና ሄድንና ከጫካው በላይ ባለችው የተጓዦች ማደሪያ አደርን። ማደሪያዋን የሚጠብቀው ጋሽ ላዛር ዝላትካን በምርኩዝ ሲያያት ከሌላው ጊዜ ወፈር ያለ ነጭ አይብ ቆርጦ ሳህኗ ላይ ጣል አደረገላት። በነጋታው ዝላትካ ፊቷን ልትታጠብ ወደ ምንጩ ወጣች። ሻንጣዋ ታስሮ አልጋው ላይ ቆሟል። ስኔዣና ልትሞክረው ብድግ ስታደርገው ፊቷ ተለወጠ። ዝላትካ እንደ ድሮዋ ዘንጎቹን፣ ድስቱን፣ የታሸጉ ጣሳዎቹን ሁሉ ጠቅጥቃበታለች።

ሦስታችን ሳንመካከር ሥራ ጀመርን። ስኔዣና ወፋፍራም ልብሶቹን ወደ ራሷ ሻንጣ ገለበጠች፣ እኔ ድስቱንና ጣሳዎቹን ወሰድኩ፣ ኦግኒያን ዘንጎቹን መዝዞ አወጣ። ሻንጣው ከመኝታ ከረጢቷ በቀር ባዶ ሆኖ ተሸበሸበ። እንዳታውቅብን ብሎ ኦግኒያን የማደሪያውን ትራስ ከአልጋው አንስቶ ከተተበትና ሻንጣው እንደገና ሆዱን ነፋ። የምርኩዟን ኮቴ ስንሰማ ሁላችንም ጎንበስ ብለን የጫማ ማሰሪያችንን ያዝን። ኦግኒያን በድንጋጤ ዘንጎቹን ከበሩ ጀርባ አቁሟቸው ነበር። ስንወጣ ያነሳቸዋል ብለን እኔና ስኔዣና አልነካናቸውም። እሱ ደግሞ እኔ እንዳነሳኋቸው አልተጠራጠረም።

ዝላትካ ሻንጣዋን አዘለችና ትከሻዋን ነቅነቅ አደረገች። ሰውነቷ ካሰበችው በላይ እንደጠነከረና ሸክሙ ምንም እንዳልመሰላት ነገረችን። ደስ ብሏት ነበር። ኦግኒያን ሳል ያዘውና ወደ ውጭ ወጣ።

መንገዱን እንዲህ ቀስ ብለን ሄደንበት አናውቅም። እንዳይታወቅብን እያልን ሰበብ እንፈጥር ነበር። ኦግኒያን ጥዱን ሁሉ ፎቶ እያነሳ ይቆማል፤ ስኔዣና ከመንገዱ ዳር ጥቁር እንጆሪ የሚመስል የዱር ፍሬ አግኝታ በኮፍያዋ መልቀም ጀመረች። ያ ቁጥቋጦ ለስንት ዓመት እዚያው እንደነበር ማን ያውቃል፤ እኛ ዝላትካን ለመድረስ ስንሮጥ አንድም ቀን አላየነውም። ከመጀመሪያው ሐይቅ ከፍ ብላ፣ በድንክ ጥዶች ተከብባ፣ ስም እንኳ የሌላት ትንሽ ኩሬ አለች። ሁልጊዜ ዘለን ነበር የምናልፋት። በዚያ ቀን ዳሯ ተቀምጠን ዳቦና ደረቅ ቋሊማ በላን። ውሃዋ ውስጥ ጥፍር የሚያካክሉ ዓሦች ይርመሰመሳሉ። ዝላትካ ፍርፋሪ እየጣለች ዝም ብላ ስታያቸው ቆየች።

ቋጥኙ የተከመረበት ቦታ ስንደርስ እጄን ዘረጋሁላት። እጄን አየችው፣ እኔን አየችኝ፤ እጄን መልሼ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ምርኩዟን እያስቀደመች፣ እያንዳንዱን ድንጋይ እየመረጠች ብቻዋን ተሻገረች። ማዶ ስትደርስ ጉንጮቿ ቀልተው ነበር። ፊቷ እንዲህ ሲበራ ካየሁ ቆይቷል።

የላይኛው ሐይቅ የደረስነው ፀሐይዋ ከሸንተረሩ ጋር ልትገናኝ ትንሽ ሲቀራት ነው። ከምዕራብ በኩል ግን ሰማዩ ጠቁሮ፣ ነጎድጓዱ ከሩቅ ማጉረምረም ጀምሯል። ቶሎ ድንኳኑን እንትከል ተባለ። ሸራውን ዘረጋሁ። ስኔዣና ካስማዎቹን አወጣች። ከዚያ ሁለታችንም ቆመን ኦግኒያንን አየነው፤ ኦግኒያን ደግሞ እኔን አየኝ።

«ዘንጎቹስ?» አለ።

«አንተ ጋ ናቸው እንጂ» አልኩት።

«ምን እኔ ጋ? እኔ ከበሩ ጀርባ…» ብሎ አፉን ያዘ።

ዝላትካ ምን እንደምንባባል አልገባትም። ዘንጎቹማ እሷ ሻንጣ ውስጥ እንጂ የት ይሆናሉ፣ መቼም ከዚያ ተለይተው አያውቁም እያለች ሻንጣዋን ፈታች። እጇን ስትከት ትራሱን መዝዛ አወጣች። የማደሪያው ስም በሰማያዊ ክር ጠርዙ ላይ ተጠልፎበታል። አገላብጣ አየችው። ከዚያ ሻንጣውን ወደ ታች ዘቀዘቀችው፤ የመኝታ ከረጢቷ ብቻ ዱብ አለ።

ከዚያ ስኔዣና ልብሶቹ እሷ ጋ መሆናቸውን ተናገረች። እኔም ድስቱን አወጣሁ። ኦግኒያን የሚያወጣው ነገር ስላልነበረው ባርኔጣውን አወለቀ።

ዝላትካ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ትጮኻለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ድምፅዋን ግን ከፍ አላደረገችም።

«ጥር ላይ ሳህን እንኳ አላነሳሁም» አለች። «ውሃ ስጠጣ ብርጭቆውን ሰው ይይዝልኝ ነበር። አልተበሳጨሁም፤ ነሐሴ ይመጣል፣ ነሐሴ ላይ የራሴን ሸክም እሸከማለሁ እያልኩ ነው የቆየሁት። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ቻልኩት ብዬ ልቤ ሲዘል ነበር። ለካ ትራስ ነው የተሸከምኩት።»

ኦግኒያን ትራሱ የላባ መሆኑን፣ ርካሽ ነገር እንዳልሆነ ሊያስረዳ ሞከረ። ማንም አልሳቀለትም።

«ብንነግርሽ እሺ ትይን ነበር?» አለቻት ስኔዣና።

«እምቢ ነበር የምላችሁ።»

«ታዲያስ?»

«ታዲያማ ተጣልተን እንወጣ ነበር። ድሮስ ሳንጣላ ወጥተን እናውቃለን?»

ስኔዣና አጠገቧ ሄዳ ተቀመጠችና ትከሻዋን በትከሻዋ ገፋ አደረገቻት። ጥፋተኛ መሆኗን፣ ፈርታ እንደነበር፣ ዳሌዋ እዚያ ቋጥኝ መሃል ቢከዳት ምን ይውጠናል ብላ ሌሊቱን እንዳልተኛች ነገረቻት። ዝላትካ እሷም ሌሊቱን በዚያው ሐሳብ እንዳልተኛች መለሰችላት። የመጀመሪያው ጠብታ አፍንጫዬ ላይ ያረፈው ያኔ ነው።

ዝላትካ ቀና ብላ ሰማዩን አየች። «አሁን ተነሱ፤ አልቅሰን ሳንጨርስ ዝናቡ ይቀድመናል» አለች። ሁለቱን ምርኩዞቿን አንስታ አንዱን ለእኔ፣ ሌላውን ለኦግኒያን ወረወረችልን። አንዱን ከፊት፣ አንዱን ከኋላ አቁመን፣ የሸራውን ጫፎች በገመድ ከቋጥኞቹ ጋር አሰርናቸው። ድንኳኑ ከወገባችን ያልበለጠ፣ መሃሉ እንደ አሮጌ አጋሰስ ጀርባ የሰረጎደ ነገር ሆነ። እየዳህን ገባን፤ ዝላትካ መዳህ ስለማትችል ኦግኒያን ብብቷን፣ እኔ እግሯን ይዘን አስገባናት። ስናስገባት እየሳቀች ነበር። ይሄ ከሸክም ይቆጠራል ወይ ብላ ጠየቀችን።

ዝናቡ በረዶ ሆኖ ሸራው ላይ እንደ ጠጠር ወረደ። አራታችንም በጎናችን ካልሆነ በቀር ቦታው አይበቃንም፤ አንዱ ሲገላበጥ ሁሉም መገላበጥ ነበረበት። ይዘን የመጣነውን ትንሽ የጉዞ ምድጃ መለኮስ ስላልቻልን የለቀምነውን ፍሬ ከአይብ ጋር በላን፣ ኦግኒያን ያመጣትን የፕሪም አረቄ እየተቀባበልን ተጎነጨን። ትራሱን ማን ይውሰድ በሚል ክርክር ተነሳ። ዝላትካ ለኦግኒያን ፈረደችለት፤ በዚያ ትራስ ላይ ተኝቶ ስለሠራው ሥራ እንዲያስብበት። እሱ ግን ወዲያው አንኮራፋ። ዝላትካ ሦስታችንን በየተራ አንስታ አማችን፤ የእኔን መኪና አነዳድ፣ የስኔዣናን ትእዛዝ፣ ስድስት ወር ሙሉ ጨው የበዛበትን የኦግኒያንን ሾርባ። ያን ሁሉ ጊዜ አምቃ ይዛው ኖሯል። እየሰማኋት እንቅልፍ ወሰደኝ።

ጠዋት ስንነሳ ሰማዩ ታጥቦ፣ ሐይቁ አንዲት ሞገድ ሳትታይበት ተኝቶ ነበር። በረዶው በሣሩ መሃል ገና አልቀለጠም። በየዓመቱ ውሃው ውስጥ እንገባለን፤ የዚያን ቀን ግን ማን ይጀምር ስንባባል ዝላትካ ልብሷን አውልቃ፣ በስኔዣና ክንድ ተደግፋ፣ እስከ ጉልበቷ ገባች። በዳሌዋ ላይ ጠባሳው ረዥምና ቀይ ሆኖ ይታያል። አልሸፈነችውም። ከዚያ ክንዷን ለቀቀችና ወደ ፊት ተወረወረች።

ውሃው ውስጥ ማንከስ የሚባል ነገር የለም። እንደ ድሮዋ፣ ያለ አንዳች ችግር፣ እስከ ማዶው ድንጋይ ዋኘች። እኔ እግሬ በብርድ ተኮማትሮ ዳሩ ላይ ስንዘፈዘፍ፣ ኦግኒያን እስከ እምብርቱ ገብቶ አማላጅ ቅዱሳንን ሲጠራ፣ ዞር ብላ አየችንና ሆዳችን እንደ ዓሣ ሆድ ነጭ መሆኑን ለተራራው ሁሉ አሰማች። ስኔዣና ፎጣ ይዛ ዳሩ ላይ ቆማ ትስቃለች፤ ዓይኖቿ ግን እንባ አቅርረው ነበር።

ከቁርስ በኋላ ዝላትካ የሁላችንንም ሻንጣ ሣሩ ላይ ገለበጠችው። አንድ በአንድ እያነሳች፣ በእጇ እየመዘነች አከፋፈለችን። ድስቱን ለኦግኒያን ሰጠችው፣ እርጥቡን ሸራ ለእኔ። ለራሷ ልብሷን፣ ምድጃውንና የተረፈውን ጣሳ ያዘች። ከድሮው ያነሰ ነበር። አዘለችው፣ ትከሻዋን ነቅነቅ አደረገች፣ ፊቷንም ትንሽ ኮሶ አስመሰለችው። «አሁን ከበደ» አለችና መንገድ ጀመረች።

ቁልቁለቱ ከአቀበቱ ይብስ ነበር። ቋጥኙ ጋ ስንደርስ ቆመችና ራሷ እጇን ዘረጋችልኝ። ያዝኳት።

ማደሪያው ስንደርስ ጋሽ ላዛር ዘንጎቹን በረንዳው ላይ አስደግፎ ይጠብቀን ነበር። ትራሱ የት እንዳደረ ጠየቀን። ከኦግኒያን ጭንቅላት ሥር ማደሩን ዝላትካ ነገረችው፤ ጋሽ ላዛርም እንዲያ ከሆነ መታጠብ አለበት ብሎ በሁለት ጣቱ ተቀበላት። የቦሎቄ ሾርባ በትኩስ ዳቦ አቀረበልን። እየበላን ሳለ ስኔዣና ስለሚቀጥለው ዓመት አነሳች። ታች ካሉት ሐይቆች አንዱ አይሻልም ወይ አለች፣ በጥንቃቄ።

«የላይኛው ነው የሚሻለው» አለች ዝላትካ። «ግን በሁለት ቀን እንውጣው። አንዱን ሌሊት እዚያች ኩሬ ጋ እናድራለን። ዓሦቹ እስከዚያ ያድጉ እንደሆነ ማየት እፈልጋለሁ።»

ማንም አልተቃወመም። ኦግኒያን ለኩሬዋ ስም እናውጣላት አለና ያወጣው ስም ሁሉ የምግብ ስም ሆነ።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪናውን የነዳሁት እኔ ነኝ። ሸለቆውን ሳንጨርስ ሦስቱም እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ኦግኒያን ከጎኔ አፉን ከፍቶ፣ ሴቶቹ ከኋላ ጭንቅላታቸውን አጋጥመው። መኪናው እርጥብ ሱፍና ጭስ ጭስ ይሸት ነበር። ፔርኒክ ስንገባ የመንገድ መብራቶቹ ገና መብራታቸው ነው። የዝላትካ ሕንፃ ከድልድዩ ቀጥሎ ነው። ደረስኩ፣ ፍጥነቴን ቀነስኩ፣ በመስታወቱ አየኋቸው። ከዚያ መሪውን ወደ ግራ መለስኩና ሳልቀሰቅሳቸው ከተማውን አንድ ጊዜ ዞርኩት።