ታጥፎ የተገኘው ሰንጢ

ገዳዩ አበራ የእርቅ ድንጋይ በአንገቱ አስሮ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ሲገባ ሰርካለም እጇን ወደ መቀነቷ ሰደደች። የሟች ወንድሟ ሰንጢ እዚያው ነው።

ዛሬ የእርቅ ቀን ነው። የገዳይም የሟችም ወገን ወንዶች ጠመንጃቸውን፣ ዱላቸውን፣ ከኪሳቸው የማይለያቸውን ሰንጢ ሳይቀር ደጀ ሰላም አስረክበው ገብተዋል። ሽማግሌዎቹ ወንዱን ሁሉ ሲፈትሹ ሴቱን ግን አልነኩም። ሴት ምን ትይዛለች ብለው! ሰርካለም ይህን አውቃ ነው ከጎንደር አምባ ጊዮርጊስ ድረስ የመጣችው።

ያሰበችው ቀላል ነገር ነው። አበራ እግሯ ላይ ሲወድቅ የምታለቅስ መስላ በነጠላዋ ትሸፈናለች፤ ሰንጢውን በጥርሷ ትከፍታለች፤ የቀረውን እግዜር ያውቃል። በጥርስ መክፈቱ ግድ ነው። ሰንጢው ድርቅ ያለ ነው፤ ትናንት በዘይት ብታሸውም እሺ አላላትም። ሟቹ ወንድምአገኝም ብርቱካን ሊልጥ በፈለገ ቁጥር ስለቱን ነክሶ ሲጎትት፣ «ለዚህ ቆሻሻ ጥርስህን ጨርሰው!» እያለች ትስቅበት ነበር።

አበራ በችሎት ቆሞ «ሰንጢ መዝዞብኝ ነው የገደልሁት» ብሎ የማለው ስለዚሁ ሰንጢ ነው። ወንድምአገኝ ሲገነዝ ልብሱን የተቀበለችው እሷ ናት፤ ሰንጢው ከሱሪው ኪስ ታጥፎ፣ እንደተለመደው በመሐረብ ተጠቅልሎ ነበር። ማን ይመናት? «እህቱ አይደለች? ራሷ አጥፋ ከታው ይሆናል» ተባለ። አበራ በትንሽ ፍርድ ወጣ፤ የወንድሟ ደም ደመ ከልብ ሆነ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሰርካለም ጎንደር አራዳ ካለው ሱቋ ተቀምጣ ጨርቅ ስትለካ እንኳ በልቧ የምታየው የአበራን ማንቁርት ነበር።

አበራ በካፊያው እየተንቀጠቀጠ መጥቶ ፊቷ ተንበረከከ። ጠጉሩ ሸብቷል። ይህም አናደዳት፤ ወንድሟ ለሽበት አልበቃም።

ሸክሙን የሚፈታው የሟች ወገን ነውና አጎቷ ቀርበው ቋጠሮውን ያዙ። ገመዱ ሲዘንብበት ያረፈደ ቃጫ ነው፤ አብጦ እምቢ አለ። ሳቡት፣ ቆፈሩት፣ ጥፍራቸው ተላጠ። ድንጋዩ ቁልቁል ሲጎትተው ገመዱ የአበራን ጉሮሮ እያነቀ ሄደ።

«ኧረ ሰንጢ ያለው!» ብለው ተጣሩ የሽማግሌዎቹ አለቃ አያ ባፈና።

ሌላ ቀን ቢሆን ከየኪሱ ሰንጢ በሚመዘዝበት ሸንጎ አንድም ሰው እጁን አላነሣም።

ሰርካለም መቀነቷን ፈታች።

ሰንጢውን ያየ ሁሉ ወደ ኋላ ሸሸ። «ምነው ልጄ! በእግዜር ቤት?» አሉ አያ ባፈና። ሰርካለም ስለቱን በጥፍሯ ሞከረች፤ አዳለጣት። ደግማ ሞከረች። ነጠላዋን ሳትሸፈን በሰው ሁሉ ፊት ስለቱን ነክሳ ጎተተችው፤ ሲጢጥ እያለ በግድ ወጣ። ሰዉ ሁሉ ይህን ያያል፤ እንዲህ ያለ ሰንጢ በድንገት አይመዘዝም። ከገዳይ ወገን አንድ አዛውንት ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

ጎንበስ ብላ ስለቱን በገመዱና በማንቁርቱ መካከል አስገባችው።

«አበራ፣ ይህን ነው ወንድሜ የመዘዘብህ?»

ዓይኑን ጨፈነ። «አልመዘዘም፣ እቴ። እጁ ባዶ ነበር።»

ከሟች ወገን በኩል ልቅሶ ፈነዳ። ሰርካለም ይህን ቃል ስትሰማ ሆዷ የሚበርድላት መስሏት ነበር። አልበረደም። እንዲያውም ነደደ። አሁን ብትገድለው ማን ይፈርድባታል?

ሰንጢውን ሳበችው። ገመዱ ተቆረጠ፤ ድንጋዩ ጭቃው ላይ ዱብ አለ። አበራ ግን ቀና አላለም፤ ገመዱ የተወው ሰምበር እየታየ አንገቱን እንደሰጠ ቀረ።

«በይ ሸጋ ነው ልጄ፤ አሁን እጠፊውና ስጪኝ» አሉ አያ ባፈና መዳፋቸውን ዘርግተው።

ሰርካለም መዳፋቸውን አየች። የአበራን አንገት አየች። ሰንጢውን አላጠፈችውም።